ከእልፍኙ በፊት ጓዳውን እዩ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ባሕር ዳር ተምሬ፣ የዓባይን ውኃ ተከትዬ ሠርቼ፣ እዚሁ ጡረታ ወጣሁ። ባለፈው ሳምንት ከእናንተ መካከል አራት አምስት የምትሆኑት ቤቴ መጥታችሁ፣ ደብረ ማርቆስ ስላለው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥትና በየወረዳው ስለቀሩት የባላባት ቤቶች ልታጠኑ መነሣታችሁን ስትነግሩኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ምክር ጠይቃችሁኝ በዚያ ሰዓት በቂ መልስ አልሰጠኋችሁም። ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ልጄን ለመጠየቅ አሜሪካ በሄድኩ ጊዜ፣ ዲትሮይት አጠገብ ዲርቦርን በሚባል ከተማ የመኪና ፋብሪካው ባለቤት የሄንሪ ፎርድ መኖሪያ የነበረውን ቤት አሳየኝ። ፌር ሌን ይባላል። 56 ክፍሎች አሉት። ስሙ የእናቱ አሳዳጊ አባት ከተወለደበት፣ አየርላንድ ውስጥ ኮርክ ከሚገኝ ሰፈር የተወሰደ ነው፤ ያን ያህል ሀብት ይዞ ቤቱን በስደተኛ አያቱ ሰፈር መሰየሙ ልቤን ነክቶታል። ጎብኚዎቹ ምድጃውንና የእንጨት ሥራውን እያዩ ይደነቁ ነበር። እኔን ግን እግሬ ወደ ወንዙ ዳር ወሰደኝ።

ፎርድ ሩዥ በሚባለው ወንዝ ላይ ግድብ ሠርቶ የራሱን የኃይል ማመንጫ ተክሎ ነበር። የማመንጫውን የመሠረት ድንጋይ በ1914 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያስቀመጠው ቶማስ ኤዲሰን ነው፤ ፎርድ በወጣትነቱ ዲትሮይት ውስጥ በኤዲሰን ስም በሚጠራ የመብራት ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። ማመንጫው ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በምድር ውስጥ በተሠራ መተላለፊያ ይገናኛል። ተርባይኑን ሳይ ጢስ ዓባይ ትዝ አለኝ። በ1950ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የተሠራው የእኛ ማመንጫ ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኃይል ይሰጥ ነበር። መጠኑ 11.4 ሜጋ ዋት ነውና የፎርድን አነስተኛ ማመንጫ ከእርሱ ጋር ማወዳደር አይገባም፤ ሆኖም ውኃው ገብቶ ብረቱን ሲያዞረው የሚሰማው ድምፅ ወንድማማች ነው።

ከዚያ አስጎብኚዋ የነገረችን ታሪክ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። በሚያዝያ 1947 በአውሮፓውያኑ ወንዙ ሞልቶ ማመንጫውን አጥለቀለቀው። መብራትም ማሞቂያም ጠፋ። በዚያው ሌሊት የ83 ዓመቱ ፎርድ በሻማና በኩራዝ ብርሃን አረፈ። ይህን የሰማነው ማመንጫው ውስጥ ቆመን ስለነበር ሁላችንም ዝም አልን። ተርባይኑ ተነቅሎ ቢሆን፣ ወይም ሕንፃው ለዕቃ ማስቀመጫ ተሰጥቶ ቢሆን፣ ያ ሌሊት ለእኛ ተራ ወሬ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የትልቅ ሰው ቤት ልትጠብቁ ስትነሡ ከዙፋኑና ከእልፍኙ አትጀምሩ። ቤቱን ቤት አድርጎ ያቆመው ምን እንደነበር ጠይቁ። በእኛ ቤተ መንግሥት ተርባይን የለም፤ እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት ግን ነበረ። በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ፣ ያን ሁሉ ሰው የሚያበላ ግብር ሲጣል፣ እህሉ ከየት መጣ? ማን ፈጨው? ውኃው ከየትኛው ምንጭ ተቀዳ? ማሩን ማን ገበረ? ጓዳው የቆመበት መሬት ባዶ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ቦታውን ለኩት፤ በካርታችሁም ላይ አስፍሩት።

ሁለተኛው ነገር ይከብዳል፤ ግን አትለፉት። ፎርድ በ1914 በአውሮፓውያኑ የሠራተኛውን የቀን ደመወዝ 5 ዶላር አድርጎ ዓለምን አስደንቋል። በ1937 በአውሮፓውያኑ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበር ሊያደራጁ የመጡ ሰዎች ሩዥ ፋብሪካው በር ላይ በጥበቃ ሠራተኞቹ ተደብድበዋል። ሁለቱም የዚያ ቤት ታሪክ ናቸው። የንጉሡ ልጅ የእኛው ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትም በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን የጎበኙ፣ ንግድ የገባቸው ትልቅ ባለሀብት ነበሩ፤ የጎጃም ገበሬ ግን የግብራቸውን ክብደት ለልጅ ልጁ ሲያወራ ኖሯል። ሽልማታቸውን በመስተዋት ሣጥን አስቀምጣችሁ የገበሬውን ቃል ካስቀራችሁ ሙዚየሙ ግማሽ ነው። የሚከፋው ሰው ይኖራል፤ ይክፋው።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። የፎርድ ባለቤት ክላራ በ1950 በአውሮፓውያኑ ስታርፍ ብዙው የቤቱ ዕቃ በጨረታ ተበተነ፤ ሀብታምም ቤት እንዲህ ይሆናል። በእኔም ሕይወት ይህን አይቻለሁ። ከሠራሁባቸው ቦታዎች በአንዱ የድሮው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሸጠ፤ በየፈረቃው በእጃችን የሞላናቸው መዝገቦች ደግሞ ግቢው ውስጥ ሲቃጠሉ አየሁ። በሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ውኃው እንደቀነሰ፣ ማን ተረኛ እንደነበር፣ የትኛው ማሽን እንደታመመ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። ማስቆም ይቻል ነበር። አለቃ ፊት ሄዶ መናገር ብቻ ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን አልተናገርኩም። ጭሱ አሁንም ይሸተኛል።

ስለዚህ የሕንፃው እድሳት ገንዘብ እስኪገኝ አትጠብቁ። ደብተር ይዛችሁ ወደ አዛውንቶቹ ሂዱ፤ ካህናቱን፣ የወጥ ቤት ሠራተኛ ልጆችን፣ ድንጋይ የጠረቡትን ግንበኞች ቤተሰብ ጠይቁ። የነገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ሳትጽፉ አትነሡ። ድምፃቸውን ስትቀዱ ሁለት ቦታ አስቀምጡት።

ከዚያ እሳት ፊት ሦስት መዝገቦች አንሥቼ ነበር። አልጋዬ ሥር ናቸው፤ የአንዱን ጠርዝ ምስጥ ጀምሮታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጡ ደረቅ የቆርቆሮ ሣጥን ይዛችሁ ኑ። የእጅ ጽሑፉን ማንበብ ስለሚያስቸግር አብረን ገጽ በገጽ እናነበዋለን፤ የእያንዳንዱ ተረኛ ጽሑፍ የማን እንደሆነ እኔ እነግራችኋለሁ።