በዱቤ የተገዛ ክብር

በአሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም በቅርብ ዓመታት ለመጣችሁት፣ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ይሉኝታችሁ ገቢያችሁን አይቅደም። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ቀን ፓርኪንግ፣ ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ እየሠራ ያገኘውን ሁሉ ለዕዳ የሚያስረክብ ወገን ብዙ ነው። የቤት ኪራዩ ውድነት እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቻችንን የሚጎዳን ከኪራዩ ይልቅ ለሰው ዓይን ብለን የምንገባበት ዕዳ ነው።

አዲስ መኪናን እንመልከት። 40,000 ዶላር በ9 በመቶ ወለድ፣ በ72 ወራት ለመክፈል ብትበደሩ በየወሩ 721 ዶላር ገደማ ትከፍላላችሁ፤ ዕዳው ሲያልቅ ወለዱ ብቻ ወደ 11,900 ዶላር ይጠጋል። ሻጩ ወርሃዊውን ክፍያ አጉልቶ ይነግራችኋልና እናንተ ድምሩን ጠይቁት።

ከዚህ የባሰው ለገና ወይም ለጥምቀት ወደ አገር ቤት ሲኬድ በክሬዲት ካርድ የሚወጣው ነው። ለስጦታና ለግብዣ የወጣ 5,000 ዶላር በ22 በመቶ ወለድ ሳይከፈል ዓመት ቢቆይ ከ1,100 ዶላር በላይ ይጨምርበታል። ዘመድ ግን ካርዱን አያይም፤ የሚያየው የተዘረጋውን እጅ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ይጠብቃል። ስለዚህ የምታገኙትንና የምትከፍሉትን ለቤተሰባችሁ በግልጽ ንገሩ፤ ለእናትና ለአባት የሚላከውን ደግሞ ከኪራዩ ጋር አስቀድማችሁ መድቡት፣ እሱ ከታይታ አይቆጠርምና።

«ገንዘብ ደስታ አይሰጥም» የሚለውን አባባል እኔ አልቀበለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረውም ያልተቸገረ ሰው ነው። ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን በ2010 ባሳተሙት ጥናት የዕለት ተዕለት ስሜት በዓመት ከ75,000 ዶላር ገደማ በላይ ገቢ ሲገኝ መሻሻሉን እንደሚያቆም ጽፈው ነበር። በ2023 ግን ካህነማን ራሱ ከማቲው ኪሊንግስወርዝና ከባርባራ ሜለርስ ጋር ሆኖ ለአብዛኛው ሰው ደስታ ከዚያም በላይ ከገቢ ጋር እንደሚያድግ፣ የሚቆመው ደስታ ለራቃቸው ጥቂቶች እንደሆነ አሳይቷል። ሆኖም እነዚህ ሰዎች የመዘኑት ገቢን እንጂ በዱቤ የተገዛ ዕቃን አይደለም። ገቢ ሲበዛ ልጅ የታመመበት ወላጅ ተጨማሪውን ሺፍት «አልገባም» ማለት ይችላል፤ ዕዳ የሚነጥቀን ይህንኑ ነፃነት ነው።

አሠሪያችሁ በ401ኬ የጡረታ ቁጠባ ላይ የሚጨምርላችሁ ገንዘብ ካለ፣ የካርድ ወለድ ቢያስጨንቃችሁም እሱን ለማግኘት የሚያስፈልገውን ያህል ከመቆጠብ አትቅሩ፤ አሠሪው የሚጨምረው የደመወዛችሁ ክፍል ነው። ከምታምኗቸው ሰዎች ጋር ዕቁብ መግባትም ጥሩ ነው፣ ወለድ የለበትምና፤ ብቻ ዕጣው ሲወጣላችሁ መኪና መሸጫ ሳትደርሱ አስቀድማችሁ የካርዱን ዕዳ ዝጉበት።