«ታገደ» ሲባል ማን አገደው?

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጆች መልስ

በዚህ እትም ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያና ከሐርቡ የደረሱንን አራት ጥያቄዎች ይዘናል። ሁሉም ስለ አሜሪካ ሕግና መጻሕፍት የሚጠይቁ ናቸው። የአሜሪካን ጉዳይ የሚመለከቱ ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ የእኛ አዋጆች በእኛው።

ከደሴ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን ስለ መጻሕፍት የምንወያይ ጓደኛሞች ነን። አንዱ «አሜሪካ መጽሐፍ እያገደች ነው» የሚል ዜና ይዞ መጣ። ሌላው «የመናገር ነፃነት ባለበት አገር ይህ አይሆንም፤ ወሬ ነው» አለ። ከአቦል እስከ በረካ ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። በአሜሪካ አንድ ልብ ወለድ በመላ አገሪቱ እንዳይሸጥ እየመረመረ የሚከለክል መሥሪያ ቤት የለም። በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ መንግሥትን ከዚህ ያግደዋል። አንድን ጽሑፍ «ጸያፍ» ብሎ ከሕግ ጥበቃ ለማስወጣት እንኳ በ1973 በሚለርና በካሊፎርኒያ ጉዳይ የተቀመጡት ሦስት መመዘኛዎች በአንድነት መሟላት አለባቸው። አንደኛው መመዘኛ ሥራው በጠቅላላው ሲታይ ቁም ነገር ያለው የሥነ ጽሑፍ፣ የኪነ ጥበብ፣ የፖለቲካ ወይም የሳይንስ ዋጋ የሌለው መሆኑን ይጠይቃል። አንድ ገጽ ገንጥሎ ማሳየት አይበቃም።

ዜናው «ታገደ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉ ከአንድ ትምህርት ቤት መደርደሪያ ወረደ ማለቱ ነው። አገሪቱ ወደ 13,000 የሚጠጉ የትምህርት ወረዳዎች አሏት፤ አብዛኞቹን የሚመራው በነዋሪው የተመረጠ ቦርድ ነው። ደሴ የወረደው መጽሐፍ ሐይቅ ላይ በክፍል ውስጥ ይነበባል እንደማለት ነው። ደሴም ውስጥ ቢሆን ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለው ሱቅ ይሸጠዋል።

የተለመደው አካሄድ ይህን ይመስላል። ቅር ያለው ወላጅ መጀመሪያ ከመምህሩ ወይም ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ጋር ይነጋገራል። ካልረካ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ መጽሐፉን በሙሉ አንብበውታል ወይ፣ የትኛው ገጽ ቅር አሰኘዎት፣ ምን እንዲደረግ ይፈልጋሉ እያለ ይጠይቃል። ከዚያ መምህራን፣ ባለሙያዎችና ወላጆች ያሉበት ኮሚቴ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ይቆይ፣ ወደ ከፍ ያለ ክፍል ይዛወር፣ በወላጅ ፈቃድ ይሰጥ ወይም ይውረድ ይላል። በዚህ ያልተስማማ ለቦርዱ ይግባኝ ያቀርባል። የቦርዱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ቢሆንም ለአንድ ተናጋሪ የሚፈቀደው ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ነው።

ነገር የሚበላሸው ከዚህ መንገድ ሲወጣ ነው። ቦርዱ ኮሚቴውን ዘሎ ራሱ ያወርዳል፤ ወይም ኮሚቴው «ይቆይ» ያለውን ይሽራል። መጽሐፉ እስኪጣራ ድረስ የት ይቆይ የሚለውም ራሱን የቻለ ጠብ ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ምርመራው እስኪያልቅ ከመደርደሪያው አይነካ ይላል። በ2023 የወጣ የፍሎሪዳ ሕግ ግን የወሲብ ይዘት አለው ተብሎ አቤቱታ የቀረበበት መጽሐፍ በ5 የትምህርት ቀናት ውስጥ እንዲነሳና እስኪጣራ እንዳይመለስ አዘዘ። በዚያው ዓመት ኢሊኖይ በተቃራኒው ሄደች፤ መጽሐፍን በአመለካከቱ ምክንያት ላለማውረድ በጽሑፍ ያልተስማማ ቤተ መጻሕፍት የስቴቱን ድጎማ እንዳያገኝ ደነገገች። በእኛ እይታ ግን ከሁሉም የሚከፋው ቅጽ እንኳ የማይሞላበት ነው። ጭቅጭቁን የፈራ ባለሙያ መጽሐፉን ከመነሻው አይገዛውም፤ ያልተገዛ መጽሐፍ ደግሞ በማንም መዝገብ «የታገደ» ተብሎ አይቆጠርም።

ፍርድ ቤት ምን አለ? በ1976 በኒው ዮርክ ስቴት የአይላንድ ትሪስ ትምህርት ቦርድ ዘጠኝ መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍቱ እንዲወጡ ወሰነ። ተማሪዎች ከሰሱት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመልሶ ቦርዱ መጻሕፍቱን ያወጣበት ምክንያት እንዲጣራ በ5 ለ4 ወሰነ። የዳኛ ብሬናን አስተያየት ቦርድ ሐሳባቸውን ስለጠላ ብቻ መጻሕፍትን ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማውጣት አይችልም የሚል ነበር። ቦርዱም ክርክሩን ከመቀጠል መጻሕፍቱን መመለስ መረጠ። ይህ ፍርድ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ጠንካራ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ከሚቀጥለው መልስ ያገኙታል። በ2025 ቴክሳስን፣ ሉዊዚያናንና ሚሲሲፒን የሚያዳርሰው የአምስተኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በላኖ ካውንቲ (ካውንቲ ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር ነው) ጉዳይ ተቃራኒውን ወሰነ፤ አንባቢ «መረጃ የማግኘት መብቴ ተነካ» ብሎ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የወጣ መጽሐፍ እንዲመለስ መጠየቅ አይችልም አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ይግባኝ አልቀበልም ብሎ መለሰው። አልቀበልም ማለቱ «ውሳኔው ትክክል ነው» ማለት አይደለም። ለነዚያ ሦስት ስቴቶች ግን ውሳኔው እንደጸና ነው።

እንግዲህ ቀጣዩ ዜና ሲመጣ ለጓደኞችዎ ይህን ይበሉ፦ ያወረደው ማን ነው? ቦርድ፣ ካውንቲ ወይስ የስቴት ሕግ? ከክፍል ትምህርት ነው የወጣው ወይስ ከቤተ መጻሕፍት? ለጊዜው ነው ወይስ ለዘለቄታው? ዜናው እነዚህን ካልመለሰ ክርክሩን ለሌላ ቅዳሜ ማሳደር ይሻላል።

ከኮምቦልቻ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። የአሜሪካን ፍርዶች ከዜና ሳይሆን ከምንጫቸው ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ግን ስከፍታቸው ቁጥርና ስም ብቻ ሆኖብኝ እዘጋቸዋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አብሽሪ፣ ቁጥሩ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። «347 ዩ.ኤስ. 483» ማለት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔዎች ስብስብ ቅጽ 347፣ ገጽ 483 ማለት ነው። የኛን ሰበር ውሳኔ በቅጽ እንደምትፈልጊው ያህል ነው። ይህ ቁጥር የሚያደርስሽ በ1954 ወደ ተሰጠው የብራውን ፍርድ ነው፤ በትምህርት ቤት ነጭና ጥቁርን መለየት ሕገ ወጥ ነው ያለው። ከዚያው ጀምሪ። ገጽ 496 ላይ ያልቃል፤ ዘጠኙም ዳኞች የተስማሙበት ስለሆነ የሐሳብ ልዩነት የለበትም፤ ዋና ዳኛ ዋረን የጻፉትም ተራ ሰው እንዲረዳው አድርገው ነው።

የአሁኑን ዘመን ፍርድ ስትከፍቺ መጀመሪያ የምታገኚው ማጠቃለያውን ነው። የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ለአንባቢ ምቾት ያዘጋጀው እንጂ የፍርዱ አካል አይደለም፤ ራሱ ላይም ይህ ተጽፎበታል። አንብቢው፣ ግን አትጥቀሺው። ቀጥሎ የፍርድ ቤቱ አስተያየት ይመጣል፤ ሕግ የሚሆነው እሱ ነው። ከዚያ በውጤቱ ተስማምተው በሌላ ምክንያት የጻፉ ዳኞች፣ በመጨረሻም የሐሳብ ልዩነት ያላቸው። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ እዚህ ነው። የሐሳብ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዋናው ይልቅ ባማረ ቋንቋ ይጻፋል፤ አንባቢም ዓረፍተ ነገሩን ወዶት እንደ ሕግ ይጠቅሰዋል። እያንዳንዱን ገጽ ስትገልጪ ከላይ ያለውን ርዕስ እዪ፤ የማን ጽሑፍ እንደሆነ ይነግርሻል።

ሁለተኛው ጉድጓድ የድምፅ ቆጠራ ነው። ዳኞቹ ዘጠኝ ናቸው፤ አንድ ምክንያት ገዢ ሕግ የሚሆነው አምስቱ ሲስማሙበት ነው። ከላይ ለደሴው አንባቢ ያነሳነውን የ1982 ፍርድ እዪ። ጉዳዩ ወደ ሥር ይመለስ በሚለው አምስት ዳኞች ተስማሙ። የብሬናንን አስተያየት በሙሉም ሆነ በከፊል የደገፉት ግን ከራሳቸው ጋር አራት ነበሩ። አምስተኛው ዳኛ ኋይት ፍሬ ነገሩ ሳይጣራ ስለ ሕገ መንግሥቱ መናገር አይገባም ብለው ተለዩ። ስለዚህ ውጤቱ አለ፤ አምስት ድምፅ ያገኘ ምክንያት ግን የለም። በኋላ የመጡ ፍርድ ቤቶች ሊያልፉት የቻሉትም ለዚህ ነው። በኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የተቀመጡበት የፌዴራል ሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለን ፍርድ ቤት ሁሉ ስለሚያስገድድ፣ ይህ ዓይነቱ ነገር ለጊዜው እንግዳ ቢሆንብሽ አይግረምሽ።

ጽሑፎቹ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድረ ገጽና በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕግ መረጃ ተቋም ገጽ በነፃ ይገኛሉ። ኔትወርክ ሲኖር አውርደሽ አስቀምጪ።

ከወልዲያ፦ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። አንድ የአሜሪካ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ተርጉመን 50 ቅጂ ለተማሪዎች ለማባዛት አስበናል። ያስጠይቀናል?

መልስ፦ እንደ መጽሐፉ ዕድሜ ነው። በአሜሪካ ሕግ ከ1978 በፊት የታተመ ሥራ ቢበዛ ለ95 ዓመት ይጠበቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከያዝነው የፈረንጅ ዓመት ላይ 96 ይቀንሱ፤ በዚያ ዓመትና ከዚያ በፊት እዚያ የታተመ መጽሐፍ የሕዝብ ሆኗል። ከ1978 ወዲህ የተጻፈ ደግሞ በመደበኛው ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይጠበቃል። የኛ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ሞት በኋላ 50 ዓመት ይቆጥራል፤ መተርጎምንም ከደራሲው መብቶች አንዱ ያደርገዋል። ሁለቱንም መመዘኛ ያለፈ መጽሐፍ ይምረጡ፤ ያላለፈ ከሆነ ለአሳታሚው ጽፈው ፈቃድ ይጠይቁ። «ለትምህርት ነው፣ አንሸጠውም» ማለት ሙሉ መጽሐፍ ለማባዛት አይበቃም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። አሮጌ መጽሐፍ በአዲስ እትም ሲወጣ መግቢያው፣ የግርጌ ማስታወሻውና ሥዕሉ የአዲሱ ሰው ንብረት ነው። የቅጂ መብታቸው ያለቀ መጻሕፍት በነፃ ከሚገኙበት ድረ ገጽ ከፕሮጀክት ጉተንበርግ ዋናውን ጽሑፍ ብቻ ወስደው ይተርጉሙ። የፍርድ ቤት ውሳኔ ደግሞ ዕድሜ እንኳ አይቆጠርለትም፤ ዳኞች በሥራቸው የጻፉትን ማንም የቅጂ መብት አይይዝበትም። ይህ ከ1834 ጀምሮ የቆየ ሕግ ሲሆን በ2020ም ጸንቷል። ከላይ ያልነውን የብራውን ፍርድ ነገውኑ ቢተረጉሙት የሚከለክልዎት የለም፤ የግል አሳታሚ የጨመረውን ማጠቃለያ ግን ይተዉት።

ከሐርቡ፦ ልጆች፣ በፊልም እንደማየው አሜሪካኖች ፍርዱን ከሕዝቡ መሐል ለወጡ 12 ሰዎች ይሰጣሉ። ይኼ የኛው አበጋር አይደለም ወይ?

መልስ፦ አባታችን፣ ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል፤ ውስጡ ግን ተገላቢጦሽ ነው። አስታራቂው አበጋር የሚመረጠው ሰዎቹን፣ ዘራቸውንና የጠቡን ሥር ስለሚያውቅ ነው። የጁሪ (ያሏቸው 12 ሰዎች ስብስብ) አባል ግን ተከሳሹን ወይም ጉዳዩን የሚያውቅ ከሆነ ይሰናበታል። ከችሎቱ በፊት ዳኛውና ጠበቆቹ እያንዳንዱን ዕጩ ይጠይቃሉ፤ አድልዎ የታየበትን ያስወጣሉ። ከዚህም በላይ በፌዴራል ከባድ ወንጀል ዐቃቤ ሕግ 6፣ ተከሳሽ 10 ሰው ምክንያት ሳይሰጡ መመለስ ይችላሉ፤ በዘር ምክንያት መመለስ ግን ክልክል ነው።

ሥራቸውም ማስታረቅ አይደለም። ማስረጃውን ሰምተው «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» ይላሉ፤ ለምን እንዳሉ ግን አያስረዱም። ሕጉን የሚነግራቸው ዳኛው ነው፤ ቅጣቱንም ብዙውን ጊዜ እሱው ይወስናል። በከባድ ወንጀል ሁሉም መስማማት እንዳለባቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 ለሁሉም ስቴቶች አጽንቷል። አንድ ሰው እንኳ ካፈነገጠና መግባባት ካልተቻለ ችሎቱ ይፈርሳል፤ ዐቃቤ ሕጉም ከፈለገ እንደገና ይጀምራል። ደግሞ ፊልሙ የማያሳየዎት ነገር አለ፦ አብዛኛው የወንጀል ክስ ጁሪ ፊት ሳይደርስ ያልቃል፤ ተከሳሹ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተደራድሮ ቅጣት እንዲቀነስለት ጥፋቱን ያምናል።