የልጄን ምስጢር ከንስሐ አባቱ ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ15 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ክፍሉን ዘግቶ ይውላል፤ ስጠይቀው “ምንም አልሆንኩም” ከማለት በቀር አይመልስልኝም። እኔ እቆጣለሁ፤ አባቱ ደግሞ ካኮረፈው ወራት አለፉ። ለንስሐ አባቱ ግን ብዙ ያወራል። ምን እንደነገራቸው ብጠይቃቸው ነውር ይሆን?

መልስ፦ እኅታችን፣ አይጠይቋቸው። ካህን በኑዛዜ የሰማውን ለእናትም ቢሆን ማውጣት አይፈቀድለትም። ልጁም ምስጢሬ ወጣ ብሎ ከጠረጠረ ከእርስዎም ከንስሐም ይሸሻል። ይልቅስ የሚያዋየው አባት በማግኘቱ እግዚአብሔርን ያመስግኑ።

ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ በኢየሩሳሌም ቀርቶ፣ እመቤታችንና ዮሴፍ ከሦስት ቀን በኋላ በመቅደስ አገኙት። እመቤታችን ያለችው ይህን ነው፦ “ልጄ ሆይ፥ ለምን እንዲህ አደረግህብን? እነሆ፥ አባትህና እኔ እየተጨነቅን ስንፈልግህ ነበርን።” ምክንያቱን ጠየቀች፤ ጭንቀቷንም ሳትሸሽግ ነገረችው። ወንጌላዊው ሉቃስ መልሱን እንዳላስተዋሉት ይነግረናል፤ እርሷ ግን ነገሩን ሁሉ በልቧ ትጠብቀው ነበር። እኛ ብንሆን ስድቡን እናስቀድም ነበር። እርስዎም “ዝም ስትል እፈራለሁ” ይበሉትና ያቁሙ። ከቅዳሴ ስትመለሱ መንገድ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመመርመር ይቀላል። የነገረዎትን ደግሞ ለጎረቤት የቡና ወሬ አያድርጉት። ብዙ ልጆች አፋቸውን የሚዘጉት በዚህ ነው።

“ልጆች ሆይ፥ ለወላጆቻችሁ ታዘዙ” የሚለውን በቃሉ የማያውቅ ወላጅ የለም። እዚያው ምዕራፍ ላይ “አታስቆጡአቸው” የሚለው ትእዛዝ ግን ለአባቶች የተሰጠ ነው (ኤፌ. 6፥4)።

ለባለቤትዎ ሁለተኛ ሳሙኤል 14ንና 18ን ይስጧቸው፤ ማብራሪያ አይጨምሩ፣ ያኮረፈ ሰው ስብከት አይወድም። አቤሴሎም በአባቱ ከተማ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ የንጉሡን ፊት አላየም። ዳዊት “ልጄ አቤሴሎም ሆይ” እያለ ያለቀሰው ልጁ ከሞተ በኋላ ነው። የአቤሴሎም በደል ቀላል ነበር አልልም፤ ወንድሙን ገድሏል። የእርስዎ ልጅ ግን በሩን ብቻ ነው የዘጋው።

እንቅልፍና ምግብ ከራቀው፣ ወይም ስለ መሞት የሚናገር ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያሳዩት። ጸበሉንም አይተዉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።