ጤናችን የማን ኃላፊነት ነው? ጥያቄና መልስ

በኅብረተሰብ ጤና ሙያ የማገለግል ነኝ። ሰሞኑን ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሲጋራ የምገዛው በገንዘቤ፣ የሚጎዳውም የእኔው ሳንባ ነው። መንግሥት ምን አገባው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጨርሶ እንዳያጨሱ አይከለክልዎትም፤ የሚከለክለው ሌላው ሰው በሚሠራበትና በሚስተናገድበት ቤት ውስጥ ማጨስን ነው። ምሽቱን ሙሉ ጭስ መሐል ቆማ የምታስተናግደው ልጅ ሳንባ የእርስዎ አይደለም። «ሥራውን ትታ ትሂድ» ማለትም ፍርድ አይሆንም። እኔን የሚያናድደኝ ሕጉ ወጥቶ በብዙ ምሽት ቤቶች አለመከበሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሰው ራሱን ከገዛ አዋጅና ደንብ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ራስን መግዛት የሚሠራው ሰው አይቶ ሊመርጠው በሚችለው ነገር ላይ ነው። እንቅርትን ይመልከቱ፤ የሚመጣው አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር ከምግባችን ሲጎድል ነው። በደጋው አገራችን ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለወሰደው፣ እዚያ የሚበቅለው እህልና ጎመንም አዮዲን ያንሰዋል። አንዲት እናት የቱንም ያህል ብትጠነቀቅ ጉድለቱን በዓይኗ አታየው፣ በምላሷ አትለየው። ጉዳቱ ደግሞ አንገት ከማሳበጥ አልፎ የፅንሱን የአእምሮ እድገት ይነካል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያስገደደው ለዚህ ነው። ይህን ሥራ የአፍዴራ ጨው አምራቾችና ተቆጣጣሪዎች እንጂ ማንም በየጓዳው ሊሠራው አይችልም።

ከዚያ በኋላ ተራው የእኛ ነው። ጨዉ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ወጡ ውስጥ የሚገባውም ወጡ ከምድጃ ሊወርድ ሲል ይሁን። ምድጃ አጠገብ ተከፍቶ ከከረመ አዮዲኑ ይቀንስና የደንቡ ድካም ከንቱ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ለስላሳ መጠጥ ላይ ታክስ መጨመር ድሃውን መቅጣት አይሆንም?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በስኳር መጠጦች ላይ በሊትር 1 ፔሶ ስትጥል ግዢው ቀንሷል፤ ዋጋ ሰውን ያስቆማል ማለት ነው። ነገር ግን ቧንቧው በደረቀበት ትምህርት ቤት ተማሪው ምን ይጠጣ? ከታክሱ የሚሰበሰበው ገንዘብ መጀመሪያ እዚያ ውሃ ያስገባ ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ስፖርትስ?

መልስ፦ በአብዛኛው የግል ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ክፍያ አይጠይቅም። የእግረኛ መንገድ መሥራት ግን የከተማው አስተዳደር ድርሻ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የደም ግፊት አለበት። «መድኃኒት እየዋጥኩ ጨው ለምን እቀንሳለሁ?» ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ መድኃኒቱ የጨዉን ጉዳት አይሰርዝም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ ዳቦው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። የጨው ዕቃውን ከገበታው ላይ ያንሱት፤ ወጡ ላይም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይቀንሱ፤ ምላሱ ይለምዳል። መድኃኒቱን ግን ሐኪሙ ሳያዘው እንዳያቋርጥ።