ሽምደዳው ይቅርና ደብዳቤውን ይጻፉ

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ዲጂታል የቅጂ መብት ላይ ስንደርስ አንቀጾቹን ልቅም አድርገው ይሸመድዳሉ። «ከኢንተርኔት ላይ ይነሳልኝ» የሚል ደብዳቤ ጻፉ ስላቸው ግን እጃቸው ይታሰራል። ያለኝ ሁለት ሰዓት ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኔም ዓመታት የለፋሁበት ጉዳይ ነው። ድሮ የምጀምረው ከበርን ስምምነት፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ውል ነበር፤ እ.ኤ.አ. 1886 ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል። አሁን የምጀምረው ከስልካቸው ነው።

እያንዳንዱ አንድ ፎቶ ያነሳል። «የት እናስመዝግበው?» ይላሉ። የትም። በበርን ስምምነት መብቱ ምዝገባ አይጠብቅም። ከዚያ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ሌሎች ሥራውን በምን ሁኔታ መጠቀም እንደሚችሉ የሚገልጽ ዝግጁ ፈቃድ) ይመርጡና ፎቶውን በክፍሉ የጋራ ፎልደር ያስቀምጣሉ። ሌላው ተማሪ ፎቶውን ለንግድ ማስታወቂያ ይጠቀምበታል። ባለቤቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአሜሪካ ዲጂታል የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 512 በሚያዘው መሠረት ማሳወቂያ፣ ማለትም «ይነሳልኝ» የሚለውን ደብዳቤ ለድረ ገጹ ይጽፋል።

አንዷ ተማሪዬ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች። ንዴቷ ከወረቀቱ ይነበባል። እኔ የድረ ገጹ ሠራተኛ ሆኜ «የትኛው ፎቶ? የቱ ጋ?» ብዬ መለስኩላት። ሊንኩን ረስታዋለች! እንደገና ስትጽፍ ሰባት መስመር በቃት። ባለመብት ነኝ የሚለው ቃል ሐሰት ከሆነ በወንጀል እንደሚያስጠይቅ ስታነብ ግን ብዕሯን አስቀመጠች። «እውነት ልፈርምበት ነው?» አለችኝ። ያቺን ቅጽበት በምንም ሌክቸር አላገኛትም ነበር።

በሁለተኛው ሰዓት ቦታ ይቀያየሩ። ከሳሽ የነበረው ተከሳሽ ሆኖ «ያለአግባብ ተነስቶብኛል፤ ይመለስልኝ» የሚል የተቃውሞ ማሳወቂያ ይጻፍ። ከሳሹ ፍርድ ቤት ካልሄደ ሥራው ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ይመለሳል። እዚህ ጋ የሕፃኑን ጉዳይ ይንገሯቸው። አንዲት እናት እ.ኤ.አ. በ2007 ልጇ ሲደንስ የሚያሳይ የ29 ሰከንድ ቪዲዮ ለቀቀች፤ ከጀርባ ዘፈን ስለሚሰማ ተነሳባት። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ማሳወቂያ ላኪው አስቀድሞ ፍትሐዊ አጠቃቀምን (ያለ ባለቤቱ ፈቃድም ሕግ የሚፈቅደውን አጠቃቀም) ማጤን አለበት አለ።

አደራ፣ ልምምዱን እውነተኛ ድረ ገጽ ላይ አያድርጉት፤ ሐሰተኛ ማሳወቂያ ካሳ ያስከፍላል።

ማርክ አሰጣጡ ላይም ይጠንቀቁ። ባለቤቱ «ስሜ ከተጠቀሰ ለንግድም ይሁን» ብሎ ፈቅዶ፣ ስሙም ተጠቅሶ ሊሆን ይችላል። «ይህ ማሳወቂያ መላክ የለበትም» ብሎ ምክንያቱን ለጻፈ ተማሪ እኔ ሙሉ ማርክ እሰጣለሁ።