የገባው ሹራብ

ልጆቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ወጣት ሐረር፣ የልብስ ሰፊዎች መንገድ በሆነው መኪና ግርግር ወዳለችው ሱቄ መጣች። በፌስታል ሦስት የሱፍ ሹራብ ይዛለች። ከሳልቫጅ የገዛቻቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ቦርሳና ኮፍያ ልሠራባቸው ነው። አሁን ልቁረጣቸው ወይስ ከታጠቡ በኋላ?» አለችኝ።

ቀላል ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ቶሎ አልወጣልኝም። ዓይኔ ማሽኑ ላይ ወደተቀመጠው መርፌ መሰኪያዬ ሄደ።

1974 ዓ.ም ነው። ዕድሜዬ 18። ድሬዳዋ ከዚራ፣ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ለማጅ ነበርኩ። ድሬ ላይ ሹራብ የሚለብስ ወይ ወባ የያዘው ነው ወይ የባቡር ሠራተኛ፣ እንል ነበር። የባቡሩ ሰው እንኳ ያስፈልገዋል። ከድሬ በላብ ተነስቶ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚጠብቀው ብርድ ነው። አንዱ ክርኑ የተቀደደ ግራጫ ሹራብ አመጣ። ወፍራም፣ ንጹሕ የበግ ጸጉር። «ሐሙስ እወጣለሁ፣ ጠቅማችሁ አድርሱልኝ» አለ።

ሹራቡ ናፍታ ናፍታ ይሸታል። እንዲለቀው ብዬ በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ማንም አላዘዘኝም። ሳሙና ሞጅሬ እንደ አቡጀዴ አሸሁት። ሳወጣው ለአምስት ዓመት ልጅ የሚሆን ነገር ሆኗል። ጫፉን ረግጬ ጎተትኩት። እምቢ አለ። ጠረጴዛው ሥር ካለው የቁርጥራጭ ጆንያ ግርጌ ከተትኩት።

ሐሙስ ሰውየው መጣ። ባለሱቁ ሁለታችንን ጠራን፣ እኔንና ካውያ የሚተኩሰውን ልጅ። ልጁ በሁለት ዓመት ያንሰኛል። ምሳ የምንበላው ከአንድ ሳህን ነበር። ቀደም ሲል የደንበኛ መሐረብ ጠፍቶበት ስለነበር ጥርጣሬው ወደ እሱ ዞረ። እኔ መርፌ ላይ ክር እያስገባሁ ነበር። ክሩ በአንዴ ገባ። ይሄ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ዝም አልኩ።

የልጁ የወር ደሞዝ ተቆረጠ። ሰውየው ያለ ሹራብ ተሳፈረ። ልጁ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጠፋ። ጅቡቲ ሄደ ተባለ። ድሬ ላይ የጠፋ ሁሉ ጅቡቲ ሄደ ነው የሚባለው።

ከወራት በኋላ ጆንያውን ሳራግፍ ሹራቡ ወጣ። መጣሉም ማስቀመጡም ከበደኝ። መቀስ አስገባሁበት። ሹራብ ሲቆረጥ ይተረተራል አይደል? ይሄ ጫፉ ቀጥ ብሎ ቀረ። መዘምዘም እንኳ አያስፈልገውም። የበግ ጸጉር በዓይን የማይታይ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር አለው። ሙቅ ውሃና ሳሙና ቅርፊቱን ይከፍተዋል፣ እሽታው እርስ በርሱ ያቆላልፈዋል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ፈረንጆቹ ፌልት ይሉታል። ይኼንን ሙያ የተማርኩት እንዲህ ነው።

እና አዎ፣ ከታጠበ በኋላ ነው የሚቆረጠው። ቀድማችሁ ከቆረጣችሁት ይተረተርባችኋል፣ ልኩም ይጠፋል። ከማጠባችሁ በፊት ግን ከጫፉ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱ። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ከተፈጨ ሱፍ ነው። ቀልጦ እንደ ዶቃ ከደረቀ ሰው ሠራሽ ነው፣ ብትቀቅሉትም ፌልት አይሆንም። በማሽን ይታጠባል ተብሎ የተጻፈበት ሱፍም ብዙ ጊዜ ያሞኛችኋል። ቅርፊቱን ፋብሪካው አስተኝቶታል። ማሽን ካላችሁ 60 ዲግሪ ላይ፣ ትራስ ልብስ ውስጥ አስራችሁ እጠቡት። ብናኙ ማሽኑን እንዳይዘጋው ነው። ከሌላችሁ እጃችሁ አለ።

ስለ ዋጋና ስለ ገበያ አልመክርም። እሱን እናንተ ታስተምሩኛላችሁ። ሥራው ሳይጀመር ፎቶው ቲክቶክ ላይ ወጥቶ አይቻለሁ። ትዕግሥት የላችሁም እያልኩ ስጨቃጨቅ እውላለሁ። ልጅቷ ግን መቀስ ሳታነሳ ጠየቀች። ሳልጠይቅ የዘፈዘፍኩት እኔ ነኝ።

ሹራብ ስትፈልጉ ድሬ ውረዱ። በዚያ ሙቀት ወፍራም ሱፍ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሐረር ብርድ ስላለ ሻጩ ይኮራል።

ልጅቷ ሹራቦቿን ስትሰበስብ መርፌ መሰኪያዬን አነሳች። ግራጫ ነው፣ የእጅ መዳፍ ያህላል። ከ40 ዓመት በላይ ተወግቶ አልተተረተረም።

«ጋሼ፣ ይሄንን ከየት አመጡት?»

«ከድሬ» አልኳት። ከዚያ መርፌዬ ላይ ክር ማስገባት ጀመርኩ። አሁን ዓይኔ ስለደከመ አምስት ጊዜ ሞከርኩ።