ለዓለትም ለመንገድም የሚሆን ጫማ፦ የጠየቃችሁኝና መልሱ

ከመኪና ወርደን ገደሉ ሥር እስክንደርስ የምናደርገው፣ ቀላል ዓለት ላይም የሚያወጣን ጫማ «አፕሮች» ይባላል። ስለ እሱ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ከድሬ እመልሳለሁ።

ከስኒከር በምን ይለያል?

ገልብጠህ እየው። ከአውራ ጣት ሥር ጥርስ የሌለው፣ ለጥ ያለ ጎማ አለው። አፍንጫው ዙሪያውን በጎማ ተለብጧል። ማሰሪያው እስከ ጣቶች ይወርዳል፤ ስትወጣ ታጠብቀዋለህ፣ ስትሄድ ታላላዋለህ። ቀጥ ላለ ገደል ግን የመውጫ ጫማን አይተካም።

ሳምንቱን ሥራ ነኝ፣ እሁድ ተራራ። አንዱ ለሁለቱም ይበቃኛል? (ከከዚራ)

ይበቃሻል እህቴ፣ ግን የቱ እንደሚበዛብሽ ለዪ። ዓለት የሚይዘው ለስላሳ ጎማ ነው፤ እሱን ደግሞ አስፋልት ቶሎ ይበላዋል። ቀድሞ የሚያልቀው ያ ለጥ ያለው ቦታ ነው፤ ዓለት ላይ የምትቆሚው በእሱ ነው! ከከዚራ መጋላ በእግርሽ የምትመላለሺ ከሆነ ጠንከር ያለ ጎማ ያለውን ውሰጂ።

ውሃ የማያስገባው አይሻልም?

ለድሬ ሙቀት? በፍጹም። ውሃ የሚከለክለው ሽፋን ላብንም ያፍናል። ሐረርም ቢሆን ክረምቱን ቶሎ በሚደርቅ ጫማና በትርፍ ካልሲ ትወጣዋለህ።

ሰልባጅ ተራ አዲስ የሚመስል ኦሪጅናል አየሁ። ልግዛ?

ቆም በል። ከሶሉ በላይ ያለው ስፖንጅ አንዳንዱ ፖሊዩረቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው። እርጥበት በዓመታት ውስጥ ከውስጥ ይበላዋል፣ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን። እኔ ቦንዳ ሲፈታ አንድ የሚያምር አግኝቼ ቁንዱዶ ተራራ ወጣሁበት። ስወርድ ተረከዙ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ፤ ሶሉ ተላቆ ተንጠለጠለ። በማሰሪያው ጠፍሬ እያነከስኩ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሽ አልገዛም። ስፖንጁን በጥፍርህ ተጫነው፤ ከተፈረፈረ ተወው። ጫማውን እጠፍና ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ፈልግ።

ቁጥሬን እንዴት ልምረጥ?

እግር ሲውል ያብጣል፤ ከሰዓት በኋላ ለካ፣ በምታደርገው ካልሲ። የደረጃ ጠርዝ ላይ በጣትህ ጫፍ ቁም፤ ጫማው ከተቆለመመ ለዓለት ልል ነው። ቁልቁል ስትራመድ አውራ ጣትህ አፍንጫውን እንዳይነካው።

ጀጎል ውስጥ ድንጋዩ ያንሸራትተኛል፤ ባቢሌ ግን ይዞኛል። ለምን?

ባቢሌ ያለው የዳካታ ሸለቆ ግራናይት ሻካራ ነው፣ ጎማው ይነክሰዋል። የመንገዱን ድንጋይ ግን የስንቱ እግር አልጎታል። ጭቃ ከነካው ደግሞ የትኛውም ጎማ አያድንም። ዓለት ከመንካትህ በፊት ሶልህን ሱሪህ ላይ ጥረገው።

ጫማ ሰፊ በመኪና ጎማ ሶል ላድርግልህ አለኝ።

ለመንገድ ይሁን፤ እንደ በረባሶ ዕድሜ ይሰጥሃል። ዓለት ላይ ግን ደረቅ ነው፣ ይጥልሃል። የአፍንጫው ጎማ ብቻ ከተላቀቀ ያጣብቅልህ። ሁለቱንም ወገን ይፈግፍግ፣ ማስቲሹ እጅ የማይዝ እስኪሆን ይጠብቅ፣ ከዚያ ይጫን። ታስሮ ይደር።

ለ11 ዓመት ልጄ ልግዛለት?

አይቸኩሉ እትዬ፣ እግሩ በየጊዜው ያድጋል። ሶሉ ያላለቀ ስኒከር ይበቃዋል።